ኬኩ፣ ተሳቢውና ባለ ሰርተፍኬቱ

[ገበየው በሶዶ ከተማ መርካቶ ውስጥ የቤት ዕቃ ይሸጣል። መኪና ከያዘ ዓመት አልሞላውም፤ ስለ መኪና የማያውቀው ነገር ግን የለም። ባለፈው ሚያዝያ «ከከባድ ተሽከርካሪ ጋር በሰላም መንዳት» የሚል የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዷል። የመጀመሪያው ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ በሁለተኛው ቀን ለምሳ እንደወጣ አልተመለሰም። ሰርተፍኬቱን ግን በፍሬም አሠርቶ ሳሎን ውስጥ፣ ከሠርግ ፎቷቸው በላይ ሰቅሎታል። ሚስቱ ብርቄ አስተማሪ ናት። ገበየው እንደሚለው ከሆነ ነገር ቶሎ አይገባትም።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ባልና ሚስት በነጭ ቪትዛቸው ከሶዶ ወደ ዲምቱ ሠርግ እየሄዱ ነው። ከፊታቸው ተሳቢ የሚጎትት ነጭ ሲኖትራክ አለ። በብርቄ ጭን ላይ በደንብ የታሸገ ትልቅ ካርቶን ተቀምጧል።]

ገበየው፦ ካርቶኑን ቀጥ አድርጊው አልኩሽ!

ብርቄ፦ ቀጥ ብሏል።

ገበየው፦ ወደ ግራ አዘንብሏል።

ብርቄ፦ መኪናው ነው ያዘነበለው።

ገበየው፦ መኪናው ወደ ግራ ሲያዘነብል አንቺ ወደ ቀኝ ታዘነብያለሽ። ፊዚክስ ነው።

ብርቄ፦ እኔ የማስተምረው አማርኛ ነው።

ገበየው፦ ያስታውቃል። ለመሆኑ የያዝሽው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?

ብርቄ፦ [ወደ መስኮቱ ዞራ] አውቃለሁ።

ገበየው፦ ባለ ሁለት ፎቅ የሠርግ ኬክ ነው! የእህትሽ ልጅ የሶልያና ኬክ! ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ሰው ፊት ይቆረጣል። የዘመድሽ የኤልሳዕ ምርቃት ጊዜ የሆነውን መቼም አልረሳሽውም።

ብርቄ፦ እንዴት እረሳለሁ? አንተ የተሸከምከውን ኬክ በማንኪያ በላነው።

ገበየው፦ ከዚያ ወዲህ የእናንተ ቤተሰብ እኔን በር ላይ ባየ ቁጥር «ማንኪያ አምጡ!» ይላል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ! ዛሬ ግን ያበቃል። ዛሬ ይህ ኬክ ሙሉውን ይገባል።

[ስቆ ያልፈዋል እንጂ ያቺ «ማንኪያ አምጡ» የምትባለው ነገር ገበየውን ታመዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮ እየሳቀ ውስጡ እያረረ ኖሯል። ዛሬ ኬኩን በሁለት እጁ ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ስንት ጊዜ በሐሳቡ እንዳየው እሱ ነው የሚያውቀው።]

ብርቄ፦ እንግዲያው ከመኪናው ትንሽ ራቅ በል።

ገበየው፦ ከየትኛው መኪና?

ብርቄ፦ ገቤ፣ ሌላ ነገር ይታይሃል? እኔ ከሱ ጀርባ በቀር ምንም አይታየኝም።

ገበየው፦ የተጠጋሁት በዕውቀት ነው። ትልቅ መኪና ነፋሱን ይሰነጥቅልሻል፤ ነዳጅ ትቆጥቢያለሽ። ጥላም አለው፤ ክሬሙ አይቀልጥም።

ብርቄ፦ ይኼን በሥልጠናው ነው ያስተማሩህ?

ገበየው፦ ሥልጠና መነሻ ነው። የቀረውን ራስሽ ትጨምሪበታለሽ።

ብርቄ፦ ከኋላው ምን የሚል ነው የተጻፈው?

ገበየው፦ «ርቀትዎን ይጠብቁ።»

ብርቄ፦ እና?

ገበየው፦ እና ጥሩ ምክር ነው። ለማያውቅ ሰው።

ብርቄ፦ ከሥሩ ያለችው ትንሿ ጽሑፍስ?

ገበየው፦ የቀለም ቀቢው ስልክ ቁጥር ናት። መጨረሻዋ ሰባት ነው።

ብርቄ፦ የቀለም ቀቢውን ስልክ ማንበብ ከቻልክ እኮ...

ገበየው፦ ዓይኔ ጤነኛ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ጸልየን ነው የወጣነው።

ብርቄ፦ የጸለይነው እንዲጠብቀን ነው፤ እንድንፈትነው አይደለም።

[ብርቄ አንገቷን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ታሰግጋለች።]

ገበየው፦ ምን ጠፍቶሽ ነው?

ብርቄ፦ የሲኖትራኩ ስፖኪዮ አይታየኝም።

ገበየው፦ ምን ልታደርጊበት? ጸጉርሽን ልታስተካክይ?

ብርቄ፦ እኔ መስታወቱን ካላየሁ፣ ሹፌሩም በመስታወቱ እኔን አያየኝም ብዬ ነው።

ገበየው፦ ለምን ያይሻል?

ብርቄ፦ ቢያየኝ ደስ ይለኛል።

ገበየው፦ [መሪውን ጥብቅ አድርጎ] እንዴት ነው ደስ የሚልሽ?

ብርቄ፦ በቃ፣ ደስ ይለኛላ።

ገበየው፦ ሃያ ሁለት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ፣ ዛሬ የሲኖትራክ ሹፌር ካላየኝ ትያለሽ?

ብርቄ፦ ጥሩ ሰው ነው።

ገበየው፦ በምን አወቅሽ? በተሳቢው?

ብርቄ፦ ጉድጓድ ሲያይ ቀስ ይላል። አራስ እንደጫነ ሰው ነው የሚነዳው።

ገበየው፦ የጫነው ሲሚንቶ ነው! ሲሚንቶ ምን ይሆንብኛል ብሎ ነው? ፈሪ ስለሆነ ነው እንጂ! ልክ እንደ ወንድምሽ እንደ ዳና። እሱም በዚያ ሰማያዊ ጋሪው ሲንፏቀቅ ነው የሚውለው። ለመሆኑ ዛሬ ይመጣል?

ብርቄ፦ ይመጣል። በሰዓቱ ይደርሳል።

ገበየው፦ ዳና? የሶልያና የመጀመሪያ ልጅ ልደት ላይ ይደርስ ይሆናል!

[የሲኖትራኩ የኋላ መብራት ቀላ። ገበየው ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን ረገጠ። ካርቶኑ ከብርቄ ጭን ተነሥቶ ዳሽቦርዱን መታ። ፍየሎች ቀስ ብለው መንገዱን እየተሻገሩ ነው።]

ገበየው፦ ኬኩ! ኬኩ! ኬኩ!

ብርቄ፦ [ካርቶኑን ትታ ወደ ፊት እያየች] ምን ሆኖ ቆመ? ጌታ ሆይ፣ አንተ ጠብቀው!

ገበየው፦ እኔ ስለ ኬክ እጮኻለሁ፣ አንቺ ለሲኖትራክ ትጸልያለሽ?

ብርቄ፦ እኔም ለኬኩ ነው።

ገበየው፦ ኬኩ ያለው ጭንሽ ላይ ነው!

ብርቄ፦ አዎ፣ አዎ። ይኸው ያዝኩት።

ገበየው፦ ሥልጠናው ላይ «ትልቅ መኪና ቶሎ አይቆምም» ሲሉ ነበር። ይኸው ቆመ! አየሽ ሲሳሳቱ?

ብርቄ፦ እሱማ ቀስ ብሎ ነው የቆመው። ቶሎ የቆምከው አንተ ነህ።

ገበየው፦ አንቺ ዝም ብለሽ ካርቶንሽን ያዢ።

[ፍየሎቹ አለፉ፤ መንገዱም ቁልቁል መውረድ ጀመረ። የቆላው ሙቀት በመስኮት ይገባል። ሲኖትራኩ በከባድ ማርሽ እያጓራ ይወርዳል። መታጠፊያ ሊደርሱ ሲሉ ከሹፌሩ መስኮት አንድ እጅ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘና ገባ።]

ገበየው፦ አየሽ? እለፍ አለኝ!

ብርቄ፦ እለፍ አላለህም።

ገበየው፦ የከባድ መኪና ሹፌር እጁን ካወጣ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። የመንገድ ቋንቋ ነው፤ አንቺ አታውቂውም።

ብርቄ፦ «ደህና ነው» ማለቱ ነው።

ገበየው፦ ምኑ ነው ደህና?

ብርቄ፦ የጫነው ነገር።

ገበየው፦ ከመቼ ወዲህ ነው ሲሚንቶ ደህንነቱን በመስኮት የሚልክልሽ?

ብርቄ፦ ገቤ፣ መታጠፊያ ነው። ከፊት የሚመጣው አይታይህም።

ገበየው፦ ለእሱ ይታየዋል። እኔ እሱን አምነዋለሁ።

ብርቄ፦ አሁን ፈሪ ነው ስትል አልነበር?

ገበየው፦ የሚታመነውማ ፈሪ ነው!

[ቪትዟ ወደ ግራ ወጣች። ገና የተሳቢው ግማሽ ላይ ስትደርስ ከመታጠፊያው ጀርባ አንድ የሕዝብ አውቶብስ ጥሩምባውን እየነፋ ብቅ አለ።]

ብርቄ፦ ታ ጎዳው! [ስትደነግጥ ጌታዋን የምትጠራው በወላይትኛ ነው።]

[ሲኖትራኩ ወደ ቀኝ ጥግ ሸሸ። ገበየው ፍሬኑን ይዞ፣ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ እንደምንም ተመልሶ ገባ። አውቶብሱ የቪትዟን ስፖኪዮ ለጥቂት ስቶ አለፈ። ካርቶኑ መጀመሪያ ዳሽቦርዱን፣ ከዚያ ወለሉን መታ፤ ብርቄም ሳታስበው በሁለት እግሯ ቆመችበት። ገበየው መኪናዋን ጥግ አስይዞ አቆመ። ሲኖትራኩ ራቀ። ገበየው ፈርቷል፤ መፍራቱንም ለመደበቅ ጉልበት አልቀረለትም።]

ብርቄ፦ ደህና ነህ?

ገበየው፦ ኬኩ ሞተ።

ብርቄ፦ የጠየቅኩት አንተን ነው።

ገበየው፦ ስትቆሚበት ተንኳኳ። ሰምቻለሁ። ኬክ ይንኳኳል እንዴ?

ብርቄ፦ ከደረቀ... ይንኳኳ ይሆናል።

ገበየው፦ አትክፈቺው! ማየት አልችልም። ብርቄ፣ በእናትሽ፣ ምን ልበላቸው? ልጅቷ ምን ትለኛለች? ዛሬ ማንኪያም አይበቃቸውም፤ ጭልፋ ነው የሚያመጡት!

ብርቄ፦ እውነቱን ንገራቸው።

ገበየው፦ የምን እውነት? ሲኖትራኩ ገጨን እንላለን።

ብርቄ፦ እሱ እኮ ከፊታችን ነበር። በጀርባው ነው የገጨን?

ገበየው፦ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነዋ!

ብርቄ፦ ቁልቁለት ላይ?

ገበየው፦ ማን ያጣራል? ሹፌሩን ማን ያውቀዋል? ሠርግ ቤት ድረስ መጥቶ ሊመሰክርብኝ ነው?

ብርቄ፦ [በመስኮት ወደ ውጭ እያየች] እሱን እንኳን እንጃ።

[ገበየው መኪናዋን አስነሥቶ ጉዞ ቀጠለ። ሌላ ከባድ መኪና ከፊቱ ሲገባ በጣም ራቀ፤ የተጻፈበትን ማንበብ ቀርቶ ቀለሙን ለመለየት እስኪቸግር ድረስ። ብርቄ መንገዱን በሰፊው አየች፤ ከሶዶ ከወጡ መጀመሪያዋ ነው።

ዲምቱ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ድንኳኑ ውስጥ መዘምራኑ ጀምረዋል። ከድንኳኑ አጠገብ ነጭ ሲኖትራክ ቆሟል። ከኋላው «ርቀትዎን ይጠብቁ» ይላል። ገበየው የተጨፈለቀውን ካርቶን አቅፎ ወረደ።]

ገበየው፦ [በሹክሹክታ] ብርቄ! ይኼ ሰውዬ እዚህ ድረስ ተከተለን!

ብርቄ፦ ስንከተለው የነበርነው እኛ ነን።

[የሲኖትራኩ በር ተከፈተ። ዳና፣ የብርቄ ታናሽ ወንድም፣ ሌላ ነጭ ካርቶን በሁለት እጁ ይዞ እየተጠነቀቀ ወረደ። ሴቶቹ ተቀብለው ክዳኑን አነሡት። ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ። አንዲት የክሬም አበባ እንኳ አልወደቀችም። እልልታው ቀለጠ፤ ኬኩም ወደ ድንኳኑ ገባ።]

ገበየው፦ ዳና? ሰማያዊው መኪናውስ?

ብርቄ፦ ትቶት ሲኖትራክ ከያዘ ሁለት ሳምንቱ ነው። ነግሬህ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ፍሬን እያስረዳኸኝ ነበር።

ገበየው፦ ታዲያ ኬኩ እዚያ ከነበረ ይኼ ምንድን ነው? [ካርቶኑን ቀደደው]

ብርቄ፦ ጎደሬ ነው። ለእህቴ ያመጣሁት።

ገበየው፦ ያን ሁሉ መንገድ የተሳቀቅኩት ለጎደሬ ነው?

ብርቄ፦ ጎደሬ ፍሬን ይችላል ብዬ ነው። እነግርህ ነበር፤ ታኮርፋለህ ብዬ ተውኩት። ኬኩ ጋቢናው ውስጥ ባለው አልጋ ላይ ተኝቶ ነው የመጣው።

ገበየው፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] ካላመንሽኝ ለምን አንቺም ከኬኩ ጋር አልሄድሽም?

ብርቄ፦ ኬኩን ዳና ይጠብቀዋል። አንተን ማን ይጠብቅሃል?

[ገበየው አንዲት ጎደሬ አንሥቶ አፈሯን በእጁ መጥረግ ያዘ። ዳና ፊቱን እየጠራረገ መጣ።]

ዳና፦ ጋሼ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ! እኔ እኮ መንገዱን ሁሉ በስፖኪዮ ስፈልጋችሁ አጣኋችሁ። እቴ፣ ኬኩ ደህና ነው ብዬ እጄን አውጥቼ ነበር፤ አየሽኝ?

ብርቄ፦ እኔስ አይቼሃለሁ።

ዳና፦ አንድ ጤና የሌለው ሰው ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ መከራዬን አበላኝ። መኪናው ምን እንደሆነ እንኳ አልታየኝም። ፍሬን በድንገት ብይዝ ተሳቢው ሥር ነበር የሚገባው። መታጠፊያው ላይ አውቶብስ እየመጣ ሊቀድመኝ ሲወጣ ልቤ ቀጥ አለ! ለማን እንደማዝን አላውቅም፤ ለኬኩ ነው፣ ለራሴ ነው፣ ወይስ አጠገቡ ለሚቀመጥ ምስኪን?

ገበየው፦ [ጎደሬዋን ይበልጥ እየጠረገ] አይ የዘንድሮ ሹፌር!

ዳና፦ እንደዚህ ዓይነቱ ሰው በሥልጠና ደጃፍ አልፎ አያውቅም፣ ጋሼ። እርግጠኛ ነኝ።

ገበየው፦ ልክ ነህ። በፍጹም አላለፈም።

ብርቄ፦ ኧረ አልፏል። ሰርተፍኬቱን ከሠርጋችን ፎቶ በላይ ነው የሰቀለው።