ለወለላ አንድ ጀሪካን አተላ

ሰው ግን ምን ነካው? ይህን ጥያቄ በየቀኑ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው። አንዳንዴ ግን ከልቤ ግራ ይገባኛል። እስቲ እዩት፤ ወላጆቻችን ከጭቃ፣ ከእበትና ከዝንብ ለመሸሽ ስንት አገር አቋርጠው አዲስ አበባ ገቡ። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባ ብቅ ሲል ጸጉራችንን ተስተካክለን፣ ሽቶ ተነስንሰን፣ ጭቃና እበት ለማየት ቲኬት ቆርጠን እንገባለን። በር ላይ የጎማ ቡት ጫማ ያከራዩናል። ዝንቡ በነጻ ነው።

ይህን የምለው ተምሬ ተመራምሬ አይደለም። ከትምህርት ጋር የተለያየነው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። በሰላም ነው የተለያየነው፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልናፈቀኝ። የምውለው ሽሮ ሜዳ ነው። ጋቢና ነጠላ ከሸማኔ ቤት ወደ ሱቅ አመላልሳለሁ፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ አገናኛለሁ። ቤት ፈላጊን ከአከራይ፣ አሮጌ ሶፋን ከአዲስ ሙሽራ፣ የጠፋ መታወቂያን ከባለቤቱ። ከቀጨኔ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ አንድ ነገር ሲጠፋ «እሱን ጠይቁት» የምባል ሰው ነኝ። ጉራዬን ለጊዜው ታገሱኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይፈርሳል።

ነገሩ የተነሳው ከላማችን ነው። አዎ፣ ቀጨኔ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ መጨረሻ ላይ፣ ላም ነበረችን። ወለላ ትባላለች። ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ዲቃላ፤ በረቷ ከኔ መኝታ ክፍል ትንሽ ሰፋ ይል ነበር፣ ይህን ያነሳሁት ለመቅናት አይደለም። እኔንና እህቴን ሰናይትን ያሳደገው የእሷና የእናቷ ወተት ነው። እማዬ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ወለላን «እንዴት አደርሽ» ትላለች፣ ከዚያ አባዬን፣ ከዚያ ትዝ ካላት እኔን።

ያለፈው ዓመት የሰፈራችን መንገድ ሰፋ። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ፤ አጥሩ ሲገባ በረቱ ወደ ውጭ ወጣ። ወለላ መሸጥ ነበረባት። ማን ገዢ ያገናኝ? «እሱን ጠይቁት።»

አገናኘሁ። በአንድ ቀን። ሰውዬው አይሱዙ ይዞ መጣ፤ እማዬ ግን ማየት አልችልም ብላ ጎረቤት ሄዳ ተደበቀች። ወለላ መኪናው ላይ ስትወጣ ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሰውዬውን ግን ለወተት ይሁን ለእርድ እንደሚፈልጋት አልጠየቅኩትም። ለምን መሰላችሁ? ከጠየቅኩት መልስ ይኖረዋላ! ይህ ሥራ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር፣ መልሱን መሸከም የማትችለውን ጥያቄ አለመጠየቅ ነው። እማዬ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ «የት ወሰዷት?» አለችኝ። አፌ እኔን ሳያማክር፣ «ሱሉልታ መስመር፣ የወተት እርባታ ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ ሣር ስትግጥ ትውላለች» አለ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ያቺ ውሸት በዚያው ሞታ የምትቀር መስሎኝ ነበር።

ሰናይት ናት የቀሰቀሰቻት። እህቴ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ነገሮችን ከስልኳ ላይ አውጥታ መሬት ላይ ማውረድ ትወዳለች። «ቤተሰባችን አንድ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ እንሂድ» አለችና አንድ ቪዲዮ አሳየችን። እርሻ የሚመስል መዝናኛ ነው፤ ወይም መዝናኛ የሚመስል እርሻ። ሰዎች ፈረስ ይጋልባሉ፣ ፍየል ያቅፋሉ፣ ላም ያልባሉ።

«የት ነው?» አለች እማዬ።

«ሱሉልታ መስመር።»

እማዬ ዞራ አየችኝ። ቅዳሜ ማለዳ አዲሱ ጥበብ ቀሚሷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከቤት ወጣች። ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ሳይከፈት አውቄዋለሁ። ጎረቤታችን ለመስቀል የጠመቁት ጠላ አተላ ነው። ወለላ ከፉርሽካውም ከፋጉሎውም አተላ ነበር የምትወደው።

«ጥሩዬ፣ ሽርሽር እኮ ነው» አለ አባዬ።

«ባዶ እጄን ልሂድ?» አለችው። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ። እኔ ግን ከአዲሱ ገበያ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ያ ጀሪካን ጉልበቴ መሃል ሆኖ መኪናው ነጥሮ «ቦጭ» ባለ ቁጥር ክዳኑን በሁለት እጄ እጫን ነበር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ እኔን ነው የሚያየው። እዚያ ስንደርስ ወለላ የለችም። ወለላ ከሌለች ደግሞ የት ናት? ይህን እማዬ ትጠይቃለች፤ የምመልሰው እኔ ነኝ።

በሩ ላይ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው» ይላል። ጥበቃው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጀሪካኑን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አተላ።»

«አተላ? ለማን?»

«ለላሜ።»

«ላም ይዘው ነው እንዴ የመጡት?»

«ኧረ ውስጥ ናት።»

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፊቱ ድንገት ለዘብ አለ፤ አንድ ቦታ ደርሶ የተመለሰ ይመስላል። ከዚያ ሥራው ትዝ አለውና ጓደኛውን ጠራ። «ና እስቲ፣ አተላ ምግብ ነው ወይስ መጠጥ?» ሁለቱ ቆመው ተከራከሩ። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። በመጨረሻ «ሁለቱም አይደለም» ብለው አሳለፉን። ሰናይት በኀፍረት ቀድማን ርቃ ሄዳለች።

ውስጡን ምን ልበላችሁ። ሁለት የፕላስቲክ በሬዎች እውነተኛ ቀንበር ተጭነዋል፤ ከኋላቸው አንዱ ጎረምሳ ሞፈር ይዞ ፎቶ ይነሳል፤ እጮኛው «ትንሽ የደከመህ ምሰል» ትለዋለች። ድርቆሹ ተጠቅልሎ ወንበር ሆኗል። አባዬ በጡረታ ያለ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ትራክተሩን ሲያይ ልቡ ወደዚያ ሄደ። እማዬ ግን ግራ ቀኝ ሳትል በሽታው ወደ በረቱ ሄደች። ማለቴ፣ ሽታውን ተከትላ።

ስድስት ላሞች ናቸው። ስድስቱም ጥቁርና ነጭ። የሰሌን ባርኔጣ ያደረገች አስጎብኚ ልጅ ሰዉን አሰልፋ፣ አንዷን ላም እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ታሳልባለች። ሁለት ጊዜ ሳብ፣ ፎቶ፣ ቀጣይ!

እማዬ አጥሩን ይዛ «ወለላ!» አለች። «ነይ እናቴ!»

ማንም አልዞረም። ደግማ ጠራች። ያቺ የምትታለበዋ ላም ጆሮዋን ነቅነቅ አደረገች። ዝንብ ይሁን ስሟ፣ እግዚአብሔር ይወቅ።

«ይቺ ናት» አለች እማዬ።

«ይቺማ አይደለችም» አለ ከትራክተሩ የተመለሰው አባዬ። «የወለላ ጅራት አጭር ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጅራቷን መቼ አይተህ ታውቃለህ?»

«እውነቷን ነው፣ አላየሁም» አለኝ በሹክሹክታ። «መኪና ብትሆን በድምጿ እለያት ነበር።»

አስጎብኚዋ «እማማ፣ እሷ ቤላ ነው ስሟ» አለች። ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት፤ እሷ ራሷ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፣ አታውቅም። እንግዲህ ወለላን የሚለያት አንድ ምልክት አለ፤ የቀኝ የኋላ እግሯ ከታች እንደ ካልሲ ነጭ ነው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። የላሚቱ አራት እግር እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

አተላው ተቀዳላት። አሸተተችና ራሷን ወደ ኋላ ሰበሰበች። የኛ ወለላ አተላ ስታይ ባልዲ የምትሰብር ነበረች፤ በቃ አለቀልኝ አልኩ። እማዬ ግን ጀርባዋን እያሻሸች «ተቀይማኛለች» አለች። «ሲሸጡኝ የት ነበርሽ እያለችኝ ነው።» ምን ትሉታላችሁ? ትንሽ ቆይታ ላሚቱ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አንዴ ቀመሰች፣ ደገመች፣ ከዚያ ጥርግ አድርጋ ጠጣችው። አሁን እኔም ግራ ተጋባሁ። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ግን ቆሜ «እሷ ብትሆንስ?» እያልኩ ነው። ሰው የራሱን ውሸት ሲያምን ስሙ ምን ይባላል?

እማዬ ነጠላዋን አሸርጣ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ «ሁለት ጊዜ ብቻ፣ እማማ» ስትል አልሰማቻትም። «ግቷ ጠጥሯል፤ እየነካካችሁ ትተዋታላችሁ፣ ያማታል እኮ!» ብላ ተቆጣቻትና ማለብ ጀመረች። ያ ድምፅ! ወተቱ ባልዲው ላይ ጩር፣ ጩር፣ ጩር ሲል ከሰልፉ ስልኮች ወጡ። እማዬ ላሚቱን በጆሮዋ ታናግራታለች፤ ምን እንደምትላት አልሰማሁም። አረፋው ባልዲው አፍ ላይ ደረሰ። ላሚቱ ዓይኗን ጨፍና ታመነዥካለች።

ችግር የፈጠረችው፣ ነገር ጥርት ብሎ ካልገባት የማትተኛው እህቴ ናት። በሃይላንድ የያዘችውን ውሃ ከፍታ «እግሯን አጥበን እንየዋ፣ በሁለት ደቂቃ እናውቃለን» አለች። እውነት ነው፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጎንበስ አለች።

«ተይ!» አለች እማዬ።

«ለምን?»

«ይበርዳታል።»

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሰናይት እኔን አየችኝ። እኔም «ተያት፣ ይበርዳታል» አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬና ሰናይት ከፊት ተቀምጠዋል፤ አባዬ ሹፌሩን ስለ ማርሽ እየመከረው ነው። እኔና እማዬ ከኋላ ነን። እንጦጦን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር «አንተ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች። «ሰውዬው በእውነት የወተት ሰው ነበር?»

ለሙሽራ አሮጌ ሶፋ አዲስ ነው ብሎ ያሳመነው አፌ ይህን ጊዜ እውነቱን አወጣ።

«አላውቅም፣ እማዬ። አልጠየቅኩትም።»

ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከዚያ፣ «አውቄው ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ያኔውኑ። ሜዳ ላይ ሣር ትግጣለች ስትለኝ። ወለላ ቀጨኔ ተወልዳ ቀጨኔ ያደገች ላም ናት። ሜዳ ብትለቃት በር ታንኳኳለች እንጂ ትግጣለች?»

«ታዲያ አተላውን ለምን ተሸከምሽው?»

«ምናልባት ብዬ ነዋ።»

«የዛሬዋስ እሷ ናት?» አልኳት።

«ምኑን አውቄ።»

«እግሯን አጥበሽ ማየት ትችዪ ነበር።»

«አንተስ ለምን አላጠብክም?»

መኪናው አዲሱ ገበያ ሊደርስ ሲል እጄን ያዝ አድርጋ፣ «የሰውዬው ስልክ አለህ አይደል? ደውልና ጠይቀው። ምንም ቢሆን ንገረኝ፤ አልቆጣህም» አለች። እሺ አልኳት።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። አምስት ጊዜ ደውያለሁ። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ብዙ ሳያስጠራ ያነሳል። «ሃሎ» ይላል፤ እዘጋለሁ። አንዴማ መልሶ ደውሎ «ማን ልበል?» ሲለኝ «ተሳስቼ ነው» አልኩት፤ «ችግር የለም ወንድሜ» ብሎኝ አረፈ። የሰፈሩን የጠፋ ነገር ሁሉ የማገኝ ሰው፣ አንዲት ጥያቄ ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ልጠይቀው የሚገባኝ ይመስለኛል። ባልጠይቀውም የሚሻል ይመስለኛል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ልክ የሚሆኑት እንዴት ነው? ከገባችሁ ንገሩኝ።

ቤት ስገባ እማዬ ከማንም ቀድማ ትጠይቀኛለች።

«ደወልክለት?»

«አያነሳም» እላታለሁ።

ፊቷ ፈካ ይላል።

«እሰይ» ትለኛለች። «ነገም ሞክር።»