የአቶ ውብሸት እምቢ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የሰው ትከሻ ራይት ክሊክ ይደረግ ነበር። ቀኝ ትከሻውን ጫን ሲሉት ከአንገቱ ሥር ሜኑ ዘርገፍ ይላል፤ ከዚያ የፈለጉትን መርጦ ማዘዝ ነው።

ሕልሙ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ባለፈው ሳምንት ትርሲት፣ ላገባት የምፈልጋት ልጅ፣ "አባዬ መጀመሪያ በሙያህ ይወቅህ" ብላ ከቤታቸው ጋር ወደተያያዘው ወደ አባቷ ፎቶ ቤት ላከችኝ። አቶ ውብሸት ስም ከመጻፍ በቀር ኪቦርድ አይነኩም፤ ነገራቸው ሁሉ በማውስ ነው። ራይት ክሊክ ሲያደርጉ የሚወርደው ሜኑ፣ የተጫነው ፕሮግራም ሁሉ የየራሱን መስመር ስለጨመረበት፣ ከስክሪኑ ወጥቶ ሊወድቅ ደርሷል። አሳጠርኩላቸው። የፎቶ ስም ለመቀየር "ሪኔም"ን ሲፈልጉ አጠገቡ ያለውን "ዲሊት" እየነኩ የሰው ፎቶ ሲያጠፉ ስላየሁ፣ ዲሊትን ጭራሽ አወጣሁት። ለእሳቸው አስቤ ነው። ሳልነግራቸው ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሽማግሌዎቼ ትርሲትን ሊጠይቁ እዚያው ቤት ይሄዳሉ፤ እምቢ ቢሉኝስ እያልኩ ስገላበጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ታክሲዎቹ ሰልፍ ይዘው ሰው ይጠብቃሉ። እኛ "ሞልቷል" እያልን እናልፋቸዋለን። አንዱ ታክሲ አሳዘነኝና እስከ አቶ ውብሸት ቤት ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ ሽማግሌዎቼን አገኘኋቸው፤ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ሙክት በጎች ናቸው። ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ኧረ ተቀመጡ" አሏቸው አቶ ውብሸት ወንበሮቹን።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ወንበሮቹ።

ትልቁ በግ ጉሮሮውን ጠርጎ "ልጅዎን ለልጃችን" ብሎ ጀመረ። እኔ በኋላ በኩል ዞሬ የአቶ ውብሸትን ትከሻ ጫን አልኩት። ሜኑው ወረደ፤ "እንመካከርበት"፣ "ሌላ ቀን ኑ"፣ "የማን ልጅ ነው"፣ "እምቢ"፣ "እሺ"። እሺና እምቢ ጎን ለጎን ናቸው። ብስትስ? እምቢን ከነሥሩ ነቅዬ በመስኮት ወረወርኩት።

"እሺ" አሉ አቶ ውብሸት። እልልታው ቀለጠ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ዘልዬ ጣራውን ነክቼ ተመለስኩ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ የላካቸው ሽማግሌዎች ናቸው። "ለእናንተም እሺ" አሉ አቶ ውብሸት። የጎረቤት ጀነሬተር ሽማግሌ ላከ። እሺ ተባለ። በር ላይ ያቆምኩት ታክሲ "እኔስ ምን ጎደለኝ?" ብሎ ክላክሱን ነፋ። እሱም እሺ ተባለ። ሙሽሮች ግቢውን ሞልተው እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ፤ እኔ ራሴ መጨረሻ ላይ ሆኜ ተገኘሁ። አቶ ውብሸት ላብ በላብ ሆነው መጥተው እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ እምቢዬን መልስልኝ። አፌ ላይ ናት፣ አልወጣ አለችኝ።"

ትርሲት ቬሎዋን ሰብስባ ከጓዳ ወጣች። "እኔን የጠየቀኝ አለ?" አለችና የኔን ትከሻ ጫነች። አንድ መስመር ብቻ ወረደ፤ "እሺ"።

ሳቀች። "የአንተን እምቢ ደግሞ ማን አወጣው?"

አፍሬ ወደ ሰፈሩ የቆሻሻ ገንዳ ሮጥኩ። ዘበኛው ካፖርት የለበሰ ኮምፒውተር ነው።

"እምቢ ጠፍቶብኝ ነበር።"

"የማን?" አለ። "እዚህ ያለው የሰፈሩ ሁሉ እምቢ ነው። ግባና ፈልግ።"

ገባሁ። ትንንሽ እምቢ፣ ትልልቅ እምቢ፣ አንዴም ሳይነገር የተጣለ እምቢ። የአቶ ውብሸት እምቢ የእሳቸውን መነጽር ስላደረገ ወዲያው ዐወቅኩት። ብብቴ ሥር አድርጌው ልሮጥ ስል ታክሲው ክላክሱን ነፋ። ደግሞ ነፋ። አላቆም አለ።

ስልኬ ነበር። ፀሐይ ወጥታ አልጋዬ ላይ ደርሳለች። የደወሉት ከሽማግሌዎቼ አንጋፋው፣ አጎቴ ጋሽ ተካልኝ ናቸው።

"እስካሁን ተኝተሃል?"

"ምን አሉ ጋሼ?"

"በክብር ተቀበሉን። ልጁ ኮምፒውተሬን የሠራው ነው ወይ አሉ። አዎ አልን፣ ኮራ ብለን።"

"እና?"

"ዲሊቴን ወስዶብኛል አሉ። ዓይኑን ጨፍኖ የተነሣ ደንበኛ ሁሉ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተከማችቷል፤ ማጥፊያ አጥተዋል። እሺም ሆነ እምቢ የምለው ዲሊቴ ሲመለስ ነው ብለዋል። አሁኑኑ ና።"

"ጋሼ፣ ሽማግሌ በተላከበት ቀን ልጁ እዚያ ቤት ዝር አይልም እኮ።"

"እሱን መቼ አጣሁት?" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለማስታወሻ ብለው ሦስታችንንም ፎቶ አነሡን። እኔ ጨፍኛለሁ። ሰውየው ለገባ ለወጣው እያሳዩት ነው። ቶሎ ና።"