በሞቴ ተብሎ የተቀመጠ ፈታኝ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ቀን ነው። የሚካኤል ዕለት ነበር፤ ለዚህ ግን ሚካኤልን አልወቅስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መሆን አለበት።

ከመነሻው ልጀምር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። የአገራቸው ቋንቋ ማላያላም ይባላል። ፊደሉን መጀመሪያ ያየ ሰው ጥልፍ ይመስለዋል፤ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ጥምዝምዝ። እኔን ግን ወዲያው ዘመድ መሰለኝ። እንደኛው ሀሁ አንዱን ፊደል ይዞ፣ ምልክት እየቀጠለ ድምፁን ይለዋውጣል። መምህሬ በትርፍ ጊዜያቸው አስቆጠሩኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የመመረቂያ ሥራዬ አደረግሁት፤ የማላያላምን ጽሑፍ ተቀብሎ፣ የአገሩ ሰው እንደሚናገረው አድርጎ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም።

ፊደል አይቶ መጥራት ምን ይከብዳል የሚል አይጠፋም። እስቲ ወንድሜ ይሞክረው! ሲጻፍ "ከ" የሆነው ፊደል በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲገባ ለስልሶ ወደ "ገ" ይጠጋል። አንዱ የ"ነ" ፊደል ሁለት ዓይነት "ነ" ተሸክሟል፤ አንዱ ምላስ ጥርስ ሲነካ፣ ሌላው ከጥርስ ጀርባ ከፍ ሲል። ቃል መጨረሻ ላይ ደግሞ አናባቢ የሚገድል ምልክት ይቀመጣል፤ የተገደለው አናባቢ ግን ጨርሶ አይሞትም፣ ትንሽ ይተነፍሳል። ኬረላ የተወለደ ልጅ ይህን ሁሉ ሳያስበው ይለዋል። ኮምፒውተር ግን እናት የለውም፤ ሕግ እያወጡ መንገር ነው። እኔ ነገርኩት። ያችን ግማሽ ትንፋሽ ሌላው ሳይሰማት ያልፍ ይሆናል፤ እኔ ግን በሳድስ ያደግሁ ሰው ነኝ! አንዳንዴ የሚሰማ፣ አንዳንዴ የሚሰወር ድምፅ ለእኛ ጆሮ ምኑ ነው አዲስ? ይህን ስል እየኮራሁ ነው። አዎ፣ እየኮራሁ ነው።

ወደ ማክሰኞዋ እንመለስ። ሥራዬን የሚመዝን ፈታኝ ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ዶክተር ብለን እንለፋቸው፣ አንድ ሕንዳዊ መምህር ይዘው መጡ። ሰውየው የሰሜን ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በሂንዲ ነው። ከማላያላም አንዲት ፊደል አያውቅም። ጨዋ ስለሆነም ይህንኑ በር ላይ ተናገረ። አጠገባቸው ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ቋንቋውን አልችልም፣ ለዚህ ሥራ ተገቢው ሰው እኔ አይደለሁም አላቸው።

አሁን አንባቢ ይፍረድ። በአገራችን እንግዳ "በልቻለሁ" ሲል ይጎረሳል እንጂ ይታመናል? ዶክተርም እንደ ደንባችን "አልችልም"ን ትሕትና አድርገው ወሰዱት። ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ፣ ኧረ ተው፣ በሞቴ ግባ የሚባለውን ነገር በእንግሊዝኛ አሉት። ሰውየው እምቢ ባለ ቁጥር ትሕትናው እየገነነ ሄደ። በመጨረሻ ተገፍቶ ገባና ከአበባ ማስቀመጫው ጀርባ ተሰየመ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ዶክተር ጠጋ ብለው፣ "አንተ ልጅ፣ እንግዳ አታሳፍር" አሉኝ።

ፕሮግራሜ አነበበ። እንዴት ያምር ነበር! ሕንዳዊው ገባህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ አንድም ቃል አልገባኝም አለ። ዶክተር እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ የገዛ አገሩ ሰው ካልገባው እኛ ምን እንላለን አሉ። ወደቅሁ። ዲግሪው ቀረ፤ ቃል የተገባልኝ የመምህርነት ቦታም አብሮ ቀረ።

ዛሬ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ክስና ማመልከቻ እተይባለሁ። የትየባ ቤቱ ባለቤት ሙዲን የጌጃ ሰፈር አራዳ ነው፤ "የእኛ ሕንድ" እያለ ይጠራኛል። በቅርቡ አንዲት የውጭ አገር መምህርት የሥራ ውል ክርክር ገጥሟቸው ሊያስተይቡ ገቡ። በስልክ ሲያወሩ ጆሮዬ ቆመ። ማላያላም! ፕሮግራሜን ከፍቼ አስነበብሁላቸው። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። ድገመው አሉ። ደገምሁት። ትንሽ ዜና አንባቢ ይመስላል እንጂ የአገሬ ሰው አነጋገር ነው፣ የሠራው የት አገር ሰው ነው አሉ። ሙዲን በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ የልደታ ሰው ነው ብሎ በጣቱ አሳያቸው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለካ እውነትህን ነው! እኔ እኮ ራስህን ስታጽናና ነበር የመሰለኝ" አለኝ።

ሰኞ ዕለት ዶክተርን ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ሸብተዋል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ የመምህርቷን ምስክርነት አወራኋቸው። አሁንም እዚያው ላይ ነህ እንዴ፣ ያለፈው አልፏል፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ ብለውኝ ታክሲው ውስጥ ገቡ። ይቅር ብዬሃለሁ! ምን አድርጌያቸው?

ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚውል ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ጥያቄ አጭር ሲሆን ማምለጫ የለውም። እንግዲህ ዶክተር፣ ሰውየው በር ላይ ቋንቋውን አልችልም ሲልዎ ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም? ታክሲው አይጠብቅም አይበሉኝ። በአዎ ወይም በአልሰማሁም ይመልሱልኝ።