ልቤ እስኪነካ ስጠብቅ

መስማት ቀላል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። የኛ የቢቸና ሰው ስብከት ሲወድ ለጉድ ነው፤ ግቢው ሞልቶ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሌላው በስልኩ ይቀዳል፣ የቀዳውን ለጎረቤት ይልካል። ጎረቤቴ አለሚቱ ጧት ጧት ሦስት ስብከት ትልክልኛለች። «የትኛው ደስ አለሽ?» ብላት፣ «ኧረ እኔ መቼ ሰማሁት! ላንቺ ይጠቅማል ብዬ እንጂ» አለችኝ። ይኸውላችሁ! ቃሉ ሁልጊዜ የሚመለከተው ከጎናችን ያለችውን ሴትዮ ነው። ስለ ትዕቢት ሲሰበክ አንገታችን ወደዚያ ይዞራል። ስለ ሐሜት ሲሰበክማ፣ ማንን ማለቱ እንደሆነ ለመንገር ወደ ጎረቤት ጆሮ ጠጋ እንላለን።

ይህን ሁሉ የምለው እኔ፣ ከታላቅ እኅቴ ከጥሩዬ ጋር ሦስት ዓመት የተኳረፍኩት ነኝ። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። በእናታችን ተዝካር ላይ ወጤን በጭልፋ ቀመሰችና በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ «ጨው አምጡ እባካችሁ፤ ይቺ ልጅ እስክታረጅ አትማርም!» አለች። ከዚያ ወዲህ እሷ ሞጣ፣ እኔ ቢቸና፤ በመካከላችን ደብረ ወርቅና አንድ ቁንጥር ጨው።

ችግሩ ልጄ ማኅደር ናት። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችው ሞጣ አክስቷ ቤት ሆና ነው፤ አሁንም እዚያው ታስተምራለች። ለዳግም ትንሣኤ ልትዳር ቀን ተቆርጦ ሳለ፣ «አክስቴ ያልመረቀችው ሠርግ ይቅርብኝ» ብላ ድርቅ አለች። ጥሩዬ ደግሞ «እናትሽ ራሷ ካልጠራችኝ እግሬን አላነሣም» ብላለች። የንስሐ አባቴን ባማክራቸው «ሂጂና ታረቂ» አሉኝ። በቃ። እኔ ትንሽ ሰፋ ያለ ነገር ጠብቄ ነበር።

«አባ፣ እግዚአብሔር ልቤን እስኪነካው እየጸለይኩ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያንኳኳ አንቺ ‹ማነው?› ትያለሽ» አሉና ጥለውኝ ሄዱ።

ተናደድኩ። ምልክት ልጠብቅ አልኩ እንጂ እምቢ መቼ አልኩ?

ተዘግቶ የከረመው መንገድ የተከፈተ ሰሞን ልጄን ላግባባ ሞጣ ሄድኩ። እሑድ ለቅዳሴ ወሰደችኝና ሴቱ መካከል አስገብታ አቆመችኝ፤ እሷ ወደ መዘምራኑ አለፈች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ነገር አሳየኝ» እያልኩ እማጸናለሁ። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ ሲል፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ወደ ቀኝ ጎንበስ፣ ወደ ግራ ጎንበስ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እጅ የነሣሁት ለነጠላ ነው፤ ነጠላው ውስጥ ማን እንዳለ አይቼ አላውቅም። ያን ቀንም ጎንበስ ጎንበስ አልኩና ወደ ልመናዬ ተመለስኩ። ምን ያደርጋል! በግራዬ ያለችው ሴት ስቅስቅ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «ምን ዓይነቷ ናት፣ ሰው አታስጸልይም!» እያልኩ በሆዴ ስነጫነጭ ቅዳሴው አለቀ።

«እትዉ በሰላም» ተብሎ ስንወጣ ሴትዮዋ እጄን ያዘችኝ። ጥሩዬ!

«እግዜር ይስጥሽ፤ አንቺ ቀድመሽኝ ትጎነብሻለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ዞር ብዬ ከመዘምራኑ መጥታ አጠገባችን የደረሰችውን ማኅደርን ባያት ሰማይ ሰማይ ታያለች። ማን አጠገብ እንዳቆመችኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዝም ብል ሠርጉ ይደምቃል፣ እኔም ትሑት እባላለሁ። ግን ገና ከቅዳሴ ወጥቶ ደጀ ሰላም ላይ መዋሸት ከበደኝ።

«እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አላየሁሽም ነበር።»

ማኅደር በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ጥሩዬ እጄን አልለቀቀችም።

«አሁንስ?» አለችኝ።

አሁንማ አየኋት። ጠጉሯ ሸብቷል፤ ምርኩዝ ይዛለች። መቼ እንደጀመረች እንኳ አላውቅም።

«ከስተሻል» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ወፍረሻል» አለችኝ።

ዲያቆኑ ያዘዘው ሰላምታ ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለጀማሪ ግን አያንስም። ምርኩዟን ተቀብያት፣ ክንዴን ተደግፋ ወደ ቤቷ ሄድን፤ መንገድ ሙሉም ሠርጉ ላይ ማን ይጠራ ማን ይቅር በሚለው ስንጨቃጨቅ ደረስን።