ሊቀ መንበሩና ጎመናቸው

ሥልጣን ሲሸተው «እኔ እኮ ገበሬ ነኝ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጋሽ በየነ የመርካቶ ልጅ ናቸው። ይሁን፣ ሰው በስተርጅናም ገበሬ ይሆናል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የጋራ አትክልት ቦታ፣ ከእኔ ቃሪያ አጠገብ አንድ መደብ ጎመን አላቸው። ለቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበርነት ከተወዳደሩ ወዲህ ግን የማጠጣላቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከምእመናኑ ጋር ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሄደን የአንድ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ገበሬ ቤት ጎበኘን። ሰውየው ኋላ የሕዝብ እንደራሴ ሆኗል።

«አየሽ አስካለ፣ ልክ እንደኔ» አሉ ጋሽ በየነ። «እርሻውን ትቶ ሕዝብ አገለገለ።»

«ሸንጎ ሲውል ማን ያርስለት ነበር?» ስል አስጎብኚዋን ጠየቅኋት።

ከቤቱ ጀርባ ያሉትን ጠባብ ጎጆዎች አሳየችን። «በባርነት የያዛቸው ሰዎች። ሸንጎ ሳይገባም ያረሱለት እነሱ ናቸው።»

ጋሽ በየነ ቀድመውን ወደ መኪናው ሄዱ። መኪና ውስጥ፣ «ነገ ምርጫ ነው፤ ጎመኑን አደራ» አሉኝ።

«ድምፄን እሰጥዎታለሁ፣ ጋሽዬ። ውኃውን ግን ራስዎ ያጠጣሉ።»

እሑድ ተመረጡ። ሰኞ ጎመኑ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። እጄ ወደ ባልዲው ሲሄድ አማተብሁና የራሴን ቃሪያ ብቻ አጠጣሁ።

ማክሰኞ ሊቀ መንበሩ ከነከረባታቸው፣ ባልዲ ይዘው መጡ።