የማይመጡ ጥያቄዎች ሊቅ

የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ግቡ፤ በመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ክፍል ውስጥ ትምህርቱን ለሦስተኛ ጊዜ የሚወስድ አንድ ሰው አይጠፋም። ስለ ትምህርቱ ከመምህሩ የበለጠ የሚናገረውም እሱ ነው። መምህሩ የሚያውቀው ፊዚክስን ብቻ ነዋ!

የዚህኛው ክፍል ሰው ሊቀ ፈተና ይባሉ ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ለቀልድ ብለው ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ነው። ከኋላ ረድፍ፣ እግሩ የማይነቃነቀውን ብቸኛ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። "አሁን ጠመኔውን ይጥላል" ይላሉ፤ መምህሩ የመሬትን ስበት ሊያስረዳ ጠመኔውን ይጥላል። "አሁን ይቀልዳል፣ ማንም አይስቅም" ይላሉ፤ መምህሩ ይቀልዳል፣ ማንም አይስቅም።

በዚያ ዓመት አንዲት የልብስ ሰፊ ልጅ አዲስ ገባች። ከቤት ስትወጣ እናቷ "የሚያውቅ ሰው ተጠጊ" ብላት ስለነበር ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሊቀ ፈተና ደብተር አይዙም። የሚይዙት አንድ ወፍራም የፊዚክስ መጽሐፍ ነው፤ ፈተና ላይ አይመጡም ያሏቸውን ምዕራፎች በላስቲክ ጠፍረው አስረዋል። በመጀመሪያው ዓመት ላስቲኩ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይዞ ነበር አሉ። አሁን ነጻ የቀሩት መግቢያው፣ ስለ መለኪያ አሃዶች የሚያወራው ክፍልና የደራሲው ምስጋና ናቸው።

"ፍሪክሽን አትመጣም" አሉ ለመጀመሪያው ፈተና። "ሳጥን ተዳፋት ላይ አስቀምጦ አስሉ ማለት ድሮ ቀረ። ጊዜሽን አታባክኚ እህቴ።"

አላባከነችም። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ሳጥን ነበር። ተዳፋት ላይ። ፍሪክሽን ያለው።

"ይሄማ ለእኔ ብሎ ነው ያወጣው" አሉ ሲወጡ። "የተናገርኩትን ወስዶ የነገረው ሰው አለ።"

ለሁለተኛው ፈተና "በአንድ ገመድ የታሰሩ ሁለት ዕቃዎች አይመጡም" አሉ። መጡ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። "መምህሩ ሐሳቡን ቀየረ እንጂ እኔ አልተሳሳትኩም!"

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ያን ቀን ነቃች። ከዚያ ወዲህ "አትመጣም" የተባለችውን ሁሉ ደብተሯ ጀርባ ላይ እየጻፈች እሷኑ ብቻ ታጠና ጀመር። ሦስት ጓደኞቿም ተከተሏት። ውጤታቸው ተመነጠቀ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዘው ይቀርቧቸዋል።

"ሊቀ ፈተና፣ እስቲ ስለ ቶርክ ምን ይላሉ?"

"ቶርክ? ቶርክ ደግሞ ምን ልትሠራ ትመጣለች!"

"ሞመንተምስ?"

"እሷማ ሞታለች።"

አራቱ አመስግነው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሮጣሉ። እሳቸው ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ የሚሰማቸው ትውልድ በመገኘቱ ደስ ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ታማኝ መሣሪያ ቤተ ሙከራው ውስጥ እንኳ አልነበረም። የቤተ ሙከራው ሚዛን በስህተት አንዳንዴ ልክ ይናገራል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ተሳስተው ልክ አልሆኑም።

የማጠቃለያው ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ አሁንም ከወደቁ ከዩኒቨርሲቲው የሚሰናበቱ ተማሪዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነበር።

"ወረቀት ነው፤ ምን ያመጣል?" አሉ ሊቀ ፈተና። የዚያን ቀን ግን ሻያቸውን አልጨረሱም።

"ልነግረው ነው" አለች የልብስ ሰፊዋ ልጅ ለጓደኞቿ።

"አበድሽ እንዴ? ከፈተናው በኋላ ትነግሪዋለሽ!"

"ከፈተናው በኋላማ እዚህ የለም።"

"እኛስ በምን ልናጠና ነው?"

"እንደ ሰው፣ መጽሐፍ ከፍተን።"

ከሰዓት በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አገኘችው። አንቱታውን እዚያው ተወችው።

"ስማኝ ወንድሜ፣ አትመጣም ያልካት ሁሉ መጥታለች።"

"አጋጣሚ ነው።"

"አሥራ አንዱም?" ደብተሯን ገልብጣ አሳየችው። "እኛ የምናጠናው አንተ የጣልከውን እየለቀምን ነው።"

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

"ሻዩም ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"እኔ እኮ የወደዳችሁኝ መስሎኝ ነበር።"

ደብተሯን ዘጋች። በመጨረሻ "አትመጣም የምትለው ያልገባህን ነው" አለችው። "መምህሩ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው የማይገባውን ነው።"

ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ሁለት ቀን ክፍል አልታየም። ጓደኞቿ አኮረፏት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቤተ መጻሕፍቱ እንደተከፈተ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ላስቲኩን ፈታ። መጽሐፉ ታስሮ ስለኖረ አልዘረጋ አለው። የሚያሳፍር ሕመሙን ለሐኪም እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቶርክ ምንድን ነው?" አላት።

በሦስት ዓመት ውስጥ የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

ወደ በሩ ወሰደችው። "እዚህ ጋ ግፋ" አለችው ማጠፊያውን እያሳየች። ገፋ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። "አሁን እጀታው ጋ።" በአንድ ጣት ተከፈተለት። "ጉልበት አልጨመርክም፤ ከማጠፊያው ራቅህ እንጂ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስገባ!" ብሎ ጮኸ። ደግሞ ማጠፊያው ጋ ገፋ፣ ደግሞ እጀታው ጋ።

"ወይ ግባ ወይ ውጣ!" አለች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው። ሲያውቅ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ሲጠይቅ ባሰ። የምግብ ሰልፍ ላይ ይጠይቃል፣ የመታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃትና ይጠይቃል። ጓደኞቿ በስተመጨረሻ ኩርፊያቸውን ዋጥ አድርገው ሻይ ይዘው "ለማጠቃለያው ምን አይመጣም?" ቢሉት "እኔ እንጃ" አላቸው።

"መሣሪያውን ሰበርሽው!" አሏት።

ውጤት የተለጠፈ ቀን ከሁሉ ቀድሞ ሰሌዳው ሥር የተገኘው እሱ ነበር። የሚመጣውን ሁሉ ገና ከሩቅ "አልፈሃል፣ ተመለስ!" "አንቺ ቢ ነሽ፣ አትጋፊ!" እያለ ያስተናግዳል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ስትደርስ ግን ድምፁ ቀነሰ።

"ኤ ስትጠብቂ ቢ ሆኗል። ይቅርታ።"

የማንን ጥያቄ ስትመልስ እንደከረመች ሁለቱም ያውቃሉ።

"የአንተስ?"

ዓይኑን ከሰሌዳው አሸሸ። ያኔ ገባት። ከጠዋት ጀምሮ የመቶ ሃያ ሰው ውጤት ሲያነብ የራሱን መስመር እየዘለለ ነው።

"አንቺ እዪልኝ" አለና ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ።

ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደች። "ሲ። አልፈሃል።"

"ደህና አድርገሽ አየሽ? የሌላ ሰው መስመር እንዳይሆን።"

መታወቂያዋን አውጥታ እንደ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አጋደመችና ከስሙ ጎን ያለውን የእሱን መታወቂያ ቁጥር አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበችለት። እሱም ጀርባውን እንደሰጠ፣ እያንዳንዷን አኃዝ ከእሷ እየተቀበለ ይደግማት ነበር።