የቡላ ግምገማ

ቦንጋ ላይ ዝናቡ ሲከርም ሰው ግማሹ ነቅቶ ግማሹ ተኝቶ ነው የሚኖረው። ጉሙ ከጫካው ወርዶ ከተማውን ሲያለብሰው፣ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ደብዳቤ ትጀምሩና አድራሻው ላይ ስትደርሱ ለማን እንደምትጽፉ ይጠፋችኋል። እኔማ አገሩን የወደድኩት በዚሁ ነው። «ምን ያንቀላፋሃል?» ብሎ የሚቆጣችሁ የለም፤ ተቆጪውም አብሮ ያንቀላፋልና። ከዚህ ጣፋጭ ሰመመን ሰውን የሚቀሰቅሰው አንድ ፍጡር ብቻ ነው። ቁንጫ።

ቁንጫ ስል ፊታችሁን አታጨፍግጉ። እናንተ ቤት የለም? ይሁን፣ አምኛችኋለሁ።

ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ግምገማ ላይ ነበር። አንዱ ተነሥቶ የባልደረባውን ድክመት ይዘረዝራል፣ ባልደረባውም ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። እኔም ግብርና ቢሮ ስገመግምና ስገመገም ውዬ ቤቴ ስገባ፣ ባለቤቴ አስካለ ሌላ ስብሰባ ጠርታ ጠበቀችኝ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ውሻችን ቡላ። ቡላ እግሬ ሥር ካልተጠቀለለ እንቅልፍ አይወስደውም። እውነቱን ለመናገር እኔንም አይወስደኝም።

«ቁንጫውን ያመጣው እሱ ነው» አለች አስካለ ክንዷን እየፎከተች። «ወይ ዱቄቱ ይነስነስ፣ ወይ እሱ ይሂድልኝ።»

ዱቄት ያለችው ገበያ ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን መርዝ ነው። አጥራችን ላይ ካለው ዛፍ ደግሞ የጎረቤታችን የጋሽ አደሎ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። መርዝ ንቦቻቸውን እንዳይፈጅባቸው አስቀድመው ለምነውናል። እኔም ብሆን በየቀበሌው እየዞርኩ «መርዝ አታብዙ» የምል ሰው ነኝ። ስለዚህ ተፈጥሯዊውን መንገድ ያዝኩ። ግራዋ ቀቅዬ ቡላን በውሃው አጠብኩት፤ አልጋው ሥር የባሕር ዛፍ ቅጠል ጎዘጎዝኩ። ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ሸተተ። ቁንጫውም ሽታውን ሳይወደው አልቀረም። ዋናውን ሥራ፣ ፍራሽ አስጥቶ ወለሉን ጥግ ድረስ መጥረጉን፣ «ፀሐይ ስትወጣ» ብዬ ለነገ አሳደርኩት። ቦንጋ ላይ ፀሐይ አትቸኩልም። እኔም አልቸኮልኩም።

ድምፅ ተሰጠ፤ አንድ ለአንድ ሆነና አስካለ አሸነፈች። ቡላ ግለ ሂስ ሳያደርግ በአይሱዙ ተጭኖ ሺሺንዳ፣ ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ወዳጆ ቤት ተላከ። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ጉሙ ውስጥ ጆሮዎቹ ብቻ ይታዩኝ ነበር። አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑኝም። አልቅሻለሁ።

ከዚያ የሆነውን ቆዳችን ይናገር። ቁንጫው ቡላን ሲያጣ ጓዙን ጠቅልሎ በሁለታችን ላይ ሰፈረ። ለካ ያ ምስኪን የእኛንም ድርሻ እየተነከሰልን ነበር የኖረው። ሳምንት ሳይሞላ አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ሂድና አምጣው» አለችኝ።

ሺሺንዳ ስደርስ ቡላ ጓሮ በተደፋ አመድ ላይ ተጋድሟል። ሲያየኝ በጅራቱ አመዱን አቦነነው። አቅፌ ፀጉሩን ብገልጥ ብገልጥ አንድ ቁንጫ የለበትም። ገመዱን አንገቱ ላይ አስሬ ልነሣ ስል ጋሽ ወዳጆ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው እንጂ! ይኸ ውሻ እኮ አመድ ላይ ተንከባሎ ተንከባሎ ነው የተገላገለው። መጀመሪያ ቤታችሁን አጽዱ። አሁን ብትወስደው እንደገና ታስይዙታላችሁ።»

ሰማችሁልኝ? ውሻዬን ከእኔ ቁንጫ ሊያድኑት ነው! ባዶ ገመዴን ይዤ ተመለስኩ።

ሁለት ሳምንት ፀሐይን ደጅ ጠናናት። የወጣች ዕለት ከቢሮ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ግማሹ ቢሮም ጠይቆ ኖሯል። የሰፈሩ አጥር በሙሉ ፍራሽ ለበሰ። ወለሉን ጠርገን ጥራጊውን አቃጠልን፤ ስንጥቁ ውስጥ አመድ ነሰነስን፤ ብርድ ልብሱን በፈላ ውሃ ነክረን አሰጣን። እንፋሎቱ ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ የጋሽ አደሎ ንቦች ከላያችን ሲያንጎራጉሩ፣ እዚያው ሣሩ ላይ ሸለብ አደረገኝ። በሰመመኔ ቡላ እግሬ ሥር ነበረ። ስነቃ አልነበረም።

በሳምንቱ ጋሽ ወዳጆ ራሳቸው አመጡት። ቡላ ግን ደጃፉ ላይ ቆመና አልገባም። ወለሉን አሸተተ። የእኔን እግር አሸተተ። ከዚያ የአስካለን ቀሚስ፣ እሱ ላይ ብዙ ቆየ። ሁለታችን እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ቆመናል፤ ልከክ የሚል ደፋር የለም።

«ጥፋቱ የእኛ ነው» አለችው አስካለ፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ።

ቡላ በረጅሙ ተነፈሰና ገባ። እግሬ ሥር ተጠቀለለ። ልክ ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚቴን አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ቡላ እንዳይሰማ፣ በሌላኛው እግሬ ቀስ ብዬ አሸት አደረግሁት።